ራሴን ሳላውቅ እንዴት ላግባ?

ጥያቄ፦

“ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ጅማ ተወልጄ ያደግኩ የ29 ዓመት ወጣት ነኝ፤ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። አባቴ ሙስሊም፣ እናቴ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ናቸው። እኔ በእናቴ እምነት ብጠመቅም ሼህ ከሆኑት አጎቴ ሥር ተቀምጬ ብዙ ሰምቻለሁ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ‘እኔ ማን ነኝ?’ የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። የሥነ ልቦና መጻሕፍት የዛሬው ማንነቴ የልጅነቴ ውጤት ነው ይሉኛል፤ አንድ ፈላስፋ ደግሞ ወደ ውስጡ ቢመለከት ‘እኔ’ የሚባል ነገር እንዳጣ ጽፎ አንብቤ ደነገጥኩ። የነፍስ አባቴ ጹም፣ ጸልይ ይሉኛል፤ አጎቴ ነፍስያህን ታገል ይሉኛል። ከእናቴ ጋር አንድ ሰው፣ ከአጎቴ ጋር ሌላ ሰው፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነኝ። በየሌሊቱ ስለ ራሴ እየጻፍኩ ደብተሮች ሞልቻለሁ፤ መደናገሬ ግን ባሰ። ቅዳሜ በርጫ ላይ ሁሉም ነገር ይገለጥልኛል፤ እሑድ ባዶ እሆናለሁ፤ አንዳንዴም ራሴን ከውጭ ሆኜ የማየው ይመስለኛል። ሽማግሌ እንድልክ የምትጠብቅ ፍቅረኛ አለችኝ። ‘ራስ ሳይጠና ጉተና’ እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ አራዝሜዋለሁ። ከሥነ ልቦና፣ ከፍልስፍናና ከመንፈሳዊነት የትኛውን ልመን? የሚገናኙበት ቦታስ አለ?”

መልስ፦

ውድ ወንድሜ፣ “ጋሼ” ብለህ ስለጠራኸኝ እኔም “አንተ” እያልኩ እጽፍልሃለሁ። ሁለት ጥያቄ ያቀረብክ ቢመስልህም የጠየቅከው ሦስት ነው። ሦስተኛው፣ ማግባት ይገባኛል ወይ የሚለው፣ በደብዳቤህ ጥግ ላይ ተጨምቆ ቢቀመጥም ከሁሉም የሚያስቸኩለው እሱ ይመስለኛል። ስለዚህ ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገርህ። ሥነ ልቦና፣ ፍልስፍናና መንፈሳዊነት ስለ ራስ በሚያስተምሩት ነገር በእርግጥ ይገናኛሉ፤ የሚገናኙት ግን አንተ ሌሊት በርህን ዘግተህ በምትፈልግበት ስፍራ አይደለም። ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ተጉዘው የደረሱበት አንድ ሐቅ ቢኖር፣ ሰው ስለ ራሱ ብቸኛ ምስክር ሆኖ ሲቀርብ ምስክርነቱ ጎደሎ መሆኑ ነው።

የትኛውን ልመን ላልከው፣ ሦስቱ ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ ተፎካካሪ መልሶች ቢሆኑ ኖሮ መምረጥ ግድ ይሆንብህ ነበር። ሥነ ልቦና የሚመረምረው የሰው ስሜት፣ ትዝታና ልማድ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ፍልስፍና “እኔ” ስትል ምን ማለትህ እንደሆነና ለዚያም ምን ማስረጃ እንዳለህ ይጠይቅሃል። መንፈሳዊው ትምህርት ደግሞ ይህ ሕይወት በማን ፊት እንደሚኖርና ወዴት እንደሚያመራ ይነግርሃል። ልጅነትህ በዛሬው ጠባይህ ላይ አሻራ ስለተወ ነፍስህ በፈጣሪዋ ፊት ከተጠያቂነት አትድንም፤ የነፍስ አባትህ ጹም ማለታቸውም የልጅነት ቁስል የለም ማለታቸው አይደለም። ይሁን እንጂ ይህን ክፍፍል ከሚገባው በላይ አላጠብቀውም፤ በወረቀት ላይ ተለያይተው የሚቀመጡት እነዚህ ነገሮች ወደ አንድ ሰው ሕይወት ሲገቡ ተለያይተው አይቀመጡምና።

አጎትህ የኢማም ገዛሊን ስም ሳያነሱልህ የቀሩ አይመስለኝም። ኢማም ገዛሊ (1058–1111፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ ስመ ጥር መምህር ነበሩ፤ የፈላስፎችንም ሥራ ጠንቅቀው ካጠኑ በኋላ የተከራከሩ ሰው ናቸው። በ1095 ግን በተማሪዎቻቸው ፊት አንደበታቸው ተያዘ፤ ማስተማር ይቅርና ምግብ መዋጥ እንኳ ተሳናቸው። ራሳቸው በኋላ እንደጻፉት፣ ሐኪሞቹ ሕመሙ ከልብ ተነሥቶ ወደ ሰውነት የወረደ መሆኑን አይተው፣ ልብ ካላረፈ መድኃኒት እንደማይሠራ ተናግረው ተስፋ ቆረጡ። ያሰቃያቸው ነገር የሚያስተምሩት ትምህርት ስሕተት መሆኑ አልነበረም፤ የሚያስተምሩበት ምክንያት ዝናና ክብር መሆኑን መገንዘባቸው ነበር። ይህን ታሪክ የዛሬ የሥነ ልቦና ባለሙያ ቢያነበው ጭንቀት አካልን እንዴት እንደሚይዝ ያይበታል፣ ፈላስፋ የጥርጣሬ ቀውስ ያይበታል፣ አጎትህ ደግሞ ተውባ (ንስሐ) ያዩበታል፤ ማናቸውም አልተሳሳቱም፣ የታመመው ሰው ግን አንድ ነው።

ያስደነገጠህን ፈላስፋ ስሙን ባትጠቅስም ከአገላለጽህ ዴቪድ ሂዩም ይመስለኛል። ስኮትላንዳዊው ሂዩም በ1739 ባሳተመው ሥራ፣ ወደ ራሱ ጠልቆ በገባ ቁጥር የሚያገኘው ሙቀትን ወይም ቅዝቃዜን፣ ፍቅርን ወይም ጥላቻን፣ ሕመምን ወይም ደስታን እንጂ ከእነዚህ የተለየ “እኔ” አለመሆኑን ጻፈ። ይህን ሲያሳትም የ27 ዓመት ወጣት ነበር፤ ካንተ ያንሳል። ብዙዎች ይህችን አንቀጽ ይጠቅሱና በፊቷና በኋላዋ ያለውን ይተዋሉ። ሂዩም ገና በ18 ዓመቱ ገደማ ከንባብና ከብቻ ሐሳብ ብዛት ጤናው ታውኮ ለዓመታት ተቸግሯል፤ በ1734ም ለአንድ ሐኪም ያለበትን ሁሉ የሚዘረዝር ረጅም ደብዳቤ ጽፏል። “እኔን ፈልጌ አጣሁት” ባለበት በዚያው ክፍል መደምደሚያ ላይም ጥርጣሬው ጥልቅ ጨለማ ውስጥ እንደከተተው ይናዘዛል። ከዚያ ያወጣውም የተሻለ መከራከሪያ ማግኘቱ አልነበረም፤ ከወዳጆቹ ጋር ራት መብላት፣ መጫወትና መሳቅ እንደነበረ ሳያፍር ይናገራል። እኔ ይህን ከፍልስፍናው ውጭ የተጻፈ ወግ አድርጌ አላነበውም፤ የፍልስፍናው አካል ነው ባይ ነኝ። ለብቻ ሲፈለግ የጠፋው ሰው በማዕድ ዙሪያ ተቀምጦ ተገኝቷልና።

እዚህ ላይ “ገዛሊ እኮ ሰው ሸሽተው ነው የተፈወሱት” ብለህ ብትከራከረኝ ትክክል ነህ። ወንበራቸውን ትተው ከባግዳድ ወጡ፤ በደማስቆና በኢየሩሳሌም ለብቻቸው ተቀመጡ፤ ወደ ማስተማር የተመለሱትም በ1106 ነው። ስለዚህ ብቸኝነትን በጅምላ አላወግዝም። ነገር ግን በዚያ ዘመን የጻፉትን ተመልከት። ሰው የነፍሱን ነውር የሚያውቅበትን መንገድ ሲዘረዝሩ አራት ይጠቅሳሉ፦ የነፍስን ሕመም በሚያውቅ ሼህ ፊት መቀመጥ፤ እውነተኛ ወዳጅ ጠባይህን እንዲጠብቅና ያየውን እንዲነግርህ ማድረግ፤ ጠላትህ ስለ አንተ የሚለውን መስማት፣ ከሚሸነግል ወዳጅ ይልቅ የሚነቅፍ ጠላት ይጠቅማልና፤ በመጨረሻም ከሰው ጋር ተቀላቅለህ በሌላው ላይ የጠላኸውን ነገር በራስህ ላይ መፈለግ። አራቱም መንገዶች በሌላ ሰው በኩል ያልፋሉ። ሙሐሰባ የሚባለው ራስን የመተሳሰብ ልማድ እንኳ የሚጠይቀው “ዛሬ ምን ሠራሁ?” ብሎ ነው፤ ያ ጥያቄ መልስ አለው፣ መልሱም ከተሰጠ በኋላ ሰው ይተኛል። አጎትህ “ነፍስያህን ታገል” ሲሉህ ምናልባት ይህንኑ ማለታቸው ይሆናል፤ ጠይቃቸው።

በእናትህ በኩል ያለውም ትምህርት ከዚህ የራቀ አይደለም። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቅዱስ አትናቴዎስ፣ ለአገራችን አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የሾመው ማለት ነው፣ የአባ እንጦንስን ሕይወት ሲጽፍ አንተን በቀጥታ የሚመለከት ምክር አስፍሯል። አባ እንጦንስ መነኮሳቱን እያንዳንዳቸው ሥራቸውንና የነፍሳቸውን እንቅስቃሴ እንዲጽፉ ያዛቸዋል፤ የሚጽፉት ግን ለወንድሞቻቸው እንደሚናገሩት አድርገው ነው። ጽሑፉ የወንድሞቻቸውን ዓይን ተክቶ እንዲያያቸው ነበር ፍላጎቱ። እንግዲህ ስለ ራስ መጻፍ የበረሃ አባቶችም ልማድ ነበር፤ ያንተ ደብተር ከእነርሱ የሚለየው ማንም እንዳያየው ሆኖ በመጻፉ ነው። በእኛም ሊቃውንት ዘንድ መጻሕፍተ መነኮሳት የሚባሉት ሦስቱ፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ በጉባኤ ቤት በመምህር ፊት የሚተረጎሙ ናቸው፤ የነፍስን ውስጥ የሚነግር መጽሐፍ ለአንድ ሰው ብቻውን ተሰጥቶ “ራስህ ተወጣው” አይባልም። በዚያ ትምህርት የሚወጣበት ደረጃም ከንጽሐ ሥጋ ተነሥቶ በንጽሐ ነፍስ አልፎ ወደ ንጽሐ ልቡና ይደርሳል። የነፍስ አባትህ ጾምን ያስቀደሙት ጥያቄህን ስላቃለሉት ሳይሆን ከመጀመሪያው ደረጃ ስለጀመሩልህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሥነ ልቦናው ልምጣ፤ አንተ የምታውቀው ሥነ ልቦና ሁሉንም ነገር ከልጅነት የሚመዝዘው ብቻ ይመስላልና። በ1977 ሪቻርድ ኒስቤትና ቲሞቲ ዊልሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሰዎች ስለ ራሳቸው ድርጊት የሚሰጡትን ምክንያት የፈተኑባቸውን ጥናቶች አሳተሙ። ከመካከላቸው አንዱ በመደብር ውስጥ የተደረገ ነው። አራት ፍጹም ተመሳሳይ የሴቶች ናይለን ካልሲዎች ተደርድረው ሰዎች የተሻለውን እንዲመርጡ ተጠየቁ። ከአራቱ ይበልጥ ብዙ ሰው ያነሣው በስተቀኝ ዳር ያለውን ነበር። ለምን እንደመረጠው ሲጠየቅ ግን ስለ ጥራቱ ተናገረ እንጂ ቦታውን የጠቀሰ አልነበረም፤ ቦታው ተጽዕኖ አድርጎባችሁ ይሆን ወይ ሲባሉም አይደለም አሉ። ነገሩ ሰዎች ይዋሻሉ ለማለት አይደለም። አእምሯችን ምክንያቱን ሳያገኘው ሲቀር የሚመስል ምክንያት ፈጥሮ ያቀርብልናል፤ እኛም እንዳየነው አድርገን እንቀበለዋለን። በደብተርህ ላይ “እንዲህ የሆንኩት በዚህ ምክንያት ነው” ብለህ ካሰፈርካቸው ዓረፍተ ነገሮች ስንቶቹ እንደዚያ ካልሲ ምርጫ እንደሆኑ አንተም እኔም አናውቅም።

በ2010 ደግሞ ሲሚን ቫዚር የተባለች ተመራማሪ የበለጠ ሚዛናዊ ሥዕል አቅርባለች። ሰው ስለ ውስጡ ጭንቀትና ስጋት ከሌላው ይልቅ ራሱ ያውቃል፤ ስለ ብልህነቱና ስለ ፈጠራ ችሎታው ግን፣ ክብሩ ስለሚነካበት፣ ወዳጆቹ ከእርሱ የተሻለ ይፈርዳሉ። ስለዚህ ወደ ውስጥ መመልከት ከንቱ ነው አልልህም። በውስጥ የሚታይ ነገር አለ፣ ከውጭ ብቻ የሚታይ ነገርም አለ፤ አንተ ሁለቱንም ከውስጥ ልታየው እየደከምክ ነው። ድካሙም ዋጋ ያስከፍላል። ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ የተባለችው የሥነ ልቦና ሊቅ ለዓመታት ያጠናችው መብሰልሰልን ነበር፤ ሰው ስለ ራሱ ስሜትና ስለ ስሜቱ ምክንያት ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ሲያሽ ድብርቱ እንደሚረዝምና እንደሚከፋ አሳይታለች። መብሰልሰል አደገኛ የሚሆነው ማሰብ ስለሚመስል ነው። ሰውየው እየሠራ ያለ ይመስለዋል፤ ሦስት ሌሊት አልፎት ግን ካለበት አልተንቀሳቀሰም።

ደብተሩን አቃጥለው አልልህም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔንቤከር በ1986 ከአንድ ባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት ስለ ከባድ ገጠመኝ መጻፍ ሰውን ሊጠቅም እንደሚችል አሳይቷል፤ ነገር ግን ተሳታፊዎቹ የጻፉት በቀን 15 ደቂቃ፣ ለተከታታይ አራት ቀናት ነበር፤ ከዚያ አቆሙ። አንተም ለጽሑፍህ ጊዜ ወስንለት፣ እንደ አባ እንጦንስም ሰው እንደሚያነበው አድርገህ ጻፈው። ማን እንደሆንክ ከመጻፍ ይልቅ ለማን ምን እንዳደረግክ ጻፍ። የመጀመሪያው ገጽ አጭር ይሆንብሃል፣ ምናልባትም ያሳፍርሃል፤ እዚያ ላይ ቆይ።

“ከእናቴ ጋር አንድ ሰው፣ ከአጎቴ ጋር ሌላ ሰው ነኝ” ያልከውን እንደ በሽታ መቁጠርህ አሳዝኖኛል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅና ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ በ1890፣ ሥነ ልቦና ገና ከፍልስፍና ተለይቶ ሳይጨርስ፣ ሰው የሚያውቁት ሰዎች ቁጥር ያህል ማኅበራዊ “እኔ” እንዳለው ጽፏል። በጅማ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልግም። ሂርማታ ገበያ ላይ የሸቀጥ ዋጋ የምትከራከረው አንተ፣ ተማሪዎችህ “ቲቸር” እያሉ የሚከተሉህ አንተ፣ ወደ ጅሬን ወጥተህ ከአጎትህ እጅ ፍንጃል ስትቀበል ድምፅህን ዝቅ የምታደርገው አንተ፣ በዓቢይ ጾም ከእናትህ ጋር ሽሮ የምትበላው አንተ፣ እነዚህ ሁሉ አንዱ ሌላውን የሚያጋልጡ ጭምብሎች አይደሉም። በሁለት እምነት ቤት ያደገ ልጅ ሁለት ዓይነት አክብሮት ይማራል፤ ይህ የጎደለህ ሳይሆን የተጨመረልህ ነው። የሚያስጨንቀው ለአንዱ የነገርከውን ከሌላው ስትደብቅ፣ ለአንዱ የገባኸውን ቃል በሌላው ፊት ስትክድ ነው፤ እንደዚያ ያለ ነገር ካለ ችግሩ የማንነት ሳይሆን የውሸት ነው፣ መፍትሔውም የተለየ ነው። ከደብዳቤህ ግን እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም።

ስለ በርጫው ጥቂት ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ጫት በሐድራ ላይ ለዱዓ የሚቀርብበት፣ አዛውንት ቡና ተፈልቶ ምርቃት የሚሰጡበት ወግ በጅማ ዘመናት የቆየ ነው፤ እኔ እሱን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ያንተ የቅዳሜ በርጫ ግን ስለ ራስህ ፍርድ የምትሰጥበት ችሎት ሆኗል፤ እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። በጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር በአሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ነው፤ በአእምሮ ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል ያበዛል። በምርቃና ሰዓት ሐሳብ ይፈጥናል፣ ነገሮች ሁሉ የተያያዙ ይመስላሉ፣ እያንዳንዱም ሐሳብ ትልቅ ምሥጢር የተገለጠ ያህል ይከብዳል። ይህ የመገለጥ ስሜት ግን ከሐሳቡ እውነትነት ጋር ዝምድና የለውም፤ ስሜቱን የሰጠው ንጥረ ነገሩ ነው። ከዚያ ሲወርድ ድብርቱና እንቅልፍ ማጣቱ ይከተላል፣ ለአንዳንዱም ዱካክ ይመጣበታል፤ በጨብሲ ልስበረው ያለ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨምራል። እሑድ የሚሰማህን ባዶነት “እኔ የሚባል ነገር የለም” ለሚለው ፍልስፍና ማስረጃ አድርገህ አትያዘው፤ ሂዩም ያን የጻፈው ከበርጫ ማግስት አይደለም። የፊዚክስ መምህር ነህና በተዛባ መሣሪያ የተወሰደ ልኬት ምን ዋጋ እንዳለው ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ለጥቂት ሳምንታት ጫቱን አቋርጠህ፣ እንቅልፍህንም አስተካክለህ፣ ያንኑ ጥያቄ በጠራ አእምሮ ጠይቀው፤ ጥያቄው ቀልሎ ብታገኘው አልደነቅም።

ራስህን ከውጭ ሆነህ የምታይ የሚመስልህ ነገር በሥነ ልቦና የታወቀ ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ የተጨነቀ ወይም እጅግ የደከመ ሰው ለአጭር ጊዜ ሊሰማው ይችላል። “ይመስለኛል” ብለህ መጻፍህ በጎ ምልክት ነው፤ ስሜቱ ስሜት ብቻ መሆኑን ታውቃለህና። ሆኖም ተደጋግሞ ከመጣ፣ ጫቱን ካቆምክ በኋላም ከቀጠለ፣ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማህ፣ ወይም በሕይወትህ ላይ ክፉ ሐሳብ ከመጣብህ፣ ሳትውል ሳታድር በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወዳለው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂድ፤ ስለ ጫቱም ሳትደብቅ ንገራቸው። ይህ ጸበሉን ወይም ዱዓውን የሚከለክል አይደለም። መድኃኒት ከታዘዘልህ ግን ጸበል ጀመርኩ ብለህ አታቋርጥ። ሕመም ሆኖ ሳለ የእምነት ማነስ ተደርጎ የተቆጠረበት ሰው ሁለት ሸክም ይሸከማል፤ ይህን በከተማችን ያላየ ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ድንበር መሻገር በሌላውም በኩል፣ ከሥነ ልቦና ወደ እምነት፣ አለ። የሥነ ልቦና ትንተና መሥራቹ ፍሮይድ በ1927 ሃይማኖትን ከሰው ምኞት የተወለደ ቅዠት አድርጎ ጽፏል፤ የጸሎት ፍላጎት በልጅነት ከአባት ጋር ካለ ግንኙነት ጋር ሊያያዝ መቻሉ ግን ጸሎቱን የሚሰማ አለመኖሩን አያረጋግጥም። አንድ ነገር ከምን እንደተነሣ ማወቅና ያ ነገር እውነት መሆኑን መመርመር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ይህን ልዩነት የምታስተምርህ ፍልስፍና ስለሆነች፣ አስደነገጠችኝ ብለህ አትተዋት።

አሁን ወደ ልጅቱ። ረጅም በሆነው ደብዳቤህ ውስጥ ስለ እርሷ የጻፍከው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንደምትጠብቅህ። ምን እንደምትወድ፣ ምን እንደሚያስቃት፣ ስለዚህ ጭንቀትህ ምን እንደምትል አንድም ቃል የለም። ከሩቅ ሆኜ ውስጥህን አውቃለሁ ብል የጻፍኩትን ሁሉ አፈርሳለሁ፤ ከደብዳቤህ የማየው ግን ራስን የማወቅ ጥያቄ ውሳኔን ለማዘግየት የተመቸ መጠለያ እንደሆነልህ ነው። ማንም “ራሴን እየፈለግኩ ነው” የሚልን ሰው ፈሪ ብሎ አይሰድበውም።

በርግጥ ለመዘግየትህ ከሥነ ልቦና ድጋፍ ልታገኝ ትችላለህ። ኤሪክ ኤሪክሰን የሰውን ዕድገት በደረጃ ሲከፍል ማንነትን ማወቅን በጉርምስና፣ ከሌላ ሰው ጋር መጣመርን ከዚያ በኋላ አስቀምጧል፤ ይህን ይዘህ “መጀመሪያ ማንነት፣ ከዚያ ትዳር” ብትል አልፈርድብህም። ነገር ግን የራሱን የኤሪክሰንን ሕይወት ተመልከት። የተወለደው በ1902 ነው፤ የወለደው አባት ማን እንደሆነ እስኪሞት ድረስ አላወቀም። በእንጀራ አባቱ ስም ሲጠራ ኖሮ “ኤሪክሰን” የሚለውን ስም የያዘው በ1939 የአሜሪካ ዜግነት ሲያገኝ ነው፤ ያን ጊዜ ባለትዳርና የልጆች አባት ነበር። ማንነት ያለቀለት ዕቃ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ነው ሰው የሚያገባው ቢባል ኖሮ እርሱ ራሱ ሳያገባ በቀረ ነበር።

ከአገራችንም ፈላስፋውን ዘርዐ ያዕቆብን አስብ (ንጉሡን ማለቴ አይደለም)። ሐተታ የሚባለውን የፍልስፍና መጽሐፍ ራሱ ነው የጻፈው ወይስ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ የሚለው ክርክር ከ1920 ጀምሮ አልበረደም፤ እሱን ለምሁራኑ እንተወውና በጽሑፉ የተነገረውን ብቻ እንይ። ሰውየው ከአክሱም ሸሽቶ በዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ፤ የያዘው የዳዊት መዝሙር ነበር፤ ያን እየጸለየ ደግሞ የተማረውን ሁሉ በልቡናው ይመረምር ነበር። ጸሎትና ጥያቄ በአንድ ዋሻ ውስጥ ተስማምተው ኖረዋል፤ ለዚህ ነው ከሁለቱ አንዱን ምረጥ የማልልህ። በዋሻው ግን አልቀረም። ወደ እንፍራንዝ ወርዶ፣ ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት በጸሐፊነት እየሠራ፣ በቤቱ ታገለግል የነበረችውን ሒሩትን ለትዳር ጠየቀ፤ ባልና ሚስት እኩል ናቸውና ከእንግዲህ አገልጋይ አትባልም አለ። ምርመራውን በጽሑፍ ያሰፈረው ከዚያ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በስተእርጅናው፣ ያውም ተማሪው ወልደ ሕይወት ስለጠየቀው ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ከደብተሮችህ አንዷን ገጽ መርጠህ ለልጅቱ አንብብላት፤ ስለ ቅዳሜውና ስለ እሑዱም ንገራት፤ ከአንተ ጋር ስትኖር የሚከብዳት ምን እንደሚሆን ጠይቃትና መልስ ሳትሰጣት እስክትጨርስ ስማት። ከኢማም ገዛሊ አራት መንገዶች አንዱ ይኸው በእጅህ ነው። ከዚያ በኋላ እንደማትፈልጋት ካወቅክ በግልጽ ንገራት፣ ፍልስፍናንም ሽፋን አታድርጋት። የምትፈልጋት ከሆነ ቀን ቁረጥ፤ ሦስተኛ ማራዘሚያ ግን አይኑር። ከሽማግሌዎቹ መካከል አጎትህም ይኑሩበት፤ የልጅቱ ቤተሰብ ስለ አባትህ ወገን መጠየቁ አይቀርም፣ ያን ጊዜ ከእርሳቸው የተሻለ የሚመልስላቸው የለም።